«ኖር» የማይባልበት ክፍል

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ሄጄ ማንም ሳይነሳልኝ ቀረ። እንዲህ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ እኔን የሚያውቅ ግን ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። ዕድሜዬን ሙሉ አዳማ ገበያ ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩ፣ ጉልበቴ አልታዘዝ ካለኝ ወዲህ ሱቁን ለልጄ የለቀቅሁ ሴት ነኝ፤ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወጣት ቦታ ካልለቀቀልኝ እስከ ማታ ስነጫነጭ እውላለሁ። የዚያን ቀን የወላጆች ስብሰባ አለ ተብሎ አዳራሹን ስፈልግ የተሳሳተ በር ገፋሁ። ለካ ላቦራቶሪ ኖሯል። ልጆቹ የፕላስቲክ መነጽር አድርገው ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንድ ወጣት መምህር ጀርባውን ሰጥቶኝ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሷል። በሁለተኛው መደዳ የልጅ ልጄ ሜላት አለች። አየችኝ፤ ደነገጠች፤ ከመቀመጫዋ ትንሽ ከፍ አለችና ተመልሳ ቁጭ አለች። ሌሎቹማ ንቅንቅም አላሉ። «ወይ ዘመን!» ብዬ አፌን ልከፍት ስል መምህሩ ዞር ሳይል መዳፉን ወደ መሬት ጫን አድርጎ «ታኣ!» አለ። ወዲያው ላምባ ሸተተኝ። ቁጣዬ የት እንደሄደ አላየሁም፤ የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ።

ተማሪ ሳለሁ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት፤ እኔ ዛሬም ሳልጠነቀቅ ከአፌ ያመልጠኛል። ከባቡር ጣቢያው ትምህርት ቤታችን ድረስ በጋሪ ዐሥራ አምስት ሳንቲም ነበር፤ እኛ ግን በእግራችን እየሄድን በሳንቲሙ ጥጉ ላይ ካለችው ሱቅ ቦምቦሊኖ እንበላበታለን። የቦምቦሊኖው ስኳር ከአፋችን ዙሪያ ሳይጠረግ ነፋሱ አቧራውን አምጥቶ ይደርብበታል። የናዝሬት ነፋስ ሰው አያከብርም፤ ለዚህ ነው ሴቶቹ ሁሉ የቀሚሳችንን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ ከካልሲያችን ጋር የምናያይዘው። የወንዶቹ ሱሪ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ነው፤ ጨርቁ ቴትረን ሆኖ እሳት ሲነካው የሚቀልጥ ዓይነት። ዛሬ ጨርቅ በጣቴ ዳስሼ የምለይ ባለሙያ ነኝ፤ ያኔ ግን የሚያብረቀርቅ ሁሉ ሐር ይመስለኝ ነበር። ጸጉራቸው አፍሮ ነው፤ ከኋላ ሚዶ ይሰኩበታል። ከትምህርት ቤቱ ትይዩ ያለው ቡና ቤት ቀኑን ሙሉ የሚያጫውታት አንዲት ሸክላ ነበረችው፤ የተጫረች ስለሆነች ሁልጊዜ አንዷ ቃል ላይ ስትደርስ ትዘላለች። እኛም ዘፈኑን ከነዝላዩ አጠናነው። በኋላ፣ ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ፣ ያንኑ ዘፈን በሬዲዮ ሙሉውን ስሰማ የተበላሸ መሰለኝ።

የኬሚስትሪ መምህራችን ቲቸር ገመቹ ይባል ነበር። የአርሲ ነገሌ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ስንዴ ነጋዴዎች ናቸው። ቀጭን፣ ወጣት፣ ቤት ውስጥም ሆነ ውጭ ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ። አንዷ ዓይኑ እንደጠፋች ሁላችንም እናውቃለን። ምን እንደነካት ግን የሚያውቅ ስላልነበር የፈለግነውን እናወራለን፤ አንዱ በሬ ወግቶት ነው ይላል፣ ሌላው የግራር እሾህ። አማርኛው ከእኛ የተሻለ ነበር፤ ሲደነግጥ ወይም ሲቸኩል ግን ኦሮምኛው ይቀድመዋል። «ታኣ!» ይላል፤ ተቀመጡ ማለቱ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ የመጣች አንዲት ልጅ ቃሉን የንጥረ ነገር ስም መስሏት ፈተና ላይ «ሶዲየም ታኣ» ብላ ጽፋ ክፍሉ በሙሉ ዓመቱን ሲስቅባት ከረመ።

ሶዲየም ራሱ ጉደኛ ነገር ነው። ብረት ነው ይሉናል፤ ግን እንደ ሳሙና በቢላ ይቆረጣል፤ ውኃ ሲነካው ደግሞ ይነድዳል። ስለዚህ በትንሽ ጠርሙስ ላምባ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ለእናቴ የነገርኳት ዕለት «ውኃ ነደደ? በስመ አብ!» ብላ አማትባ ልብሴን አገላብጣ ስትመረምር ነበር። ቲቸር ገመቹ ያን ነገር ሊያሳየን ሲዘጋጅ ሙሽራ የሚያለብስ ሚዜ ይመስል ነበር። ከጋራዥ ለምኖ ያመጣውን የአሮጌ ጂፕ የፊት መስታወት በእኛና በውኃው ሳህን መካከል ያቆማል። ደረቅ አሸዋ የሞላ ባልዲ ከእግሩ ሥር ያስቀምጣል፤ «ይኼ እሳት በውኃ አይለመንም» ይለናል። የሴቶቹ ነጠላ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። አፍሮ ያላቸው ወንዶች በሙሉ ሻሽ ያስራሉ፤ ሻሹ የእኛ የሴቶቹ ነው፣ ባለ አበባ። ጎረምሳ ሁሉ ሻሽ አስሮ ተቀምጦ ስታዩት ሞትን እንኳ ያስቃል። እሱ ግን አይስቅም። ከላምባው በመቆንጠጫ ያወጣትን ቁራጭ ከምስር ፍሬ አያሳልፋትም። ጨምርልን ብለን ስንለምነው «ስስታም ነኝ» ይለናል። በመጨረሻ ሕጉን ይደግማል፦ «ሙከራ ተጀምሮ እስኪያልቅ ኖር የለም። ለዲሬክተርም፣ ለጃንሆይም አትነሱም። መስታወቱ የሚያውቃችሁና የሚከልላችሁ ተቀምጣችሁ ነው።»

የዛሬ ልጆች ይህ ሕግ ምኑ ከባድ ነው ይሉ ይሆናል። በእኛ ቤት «ኖር» ሳይሉ መኖር አይቻልም ነበር። ታላቅ ሰው ሲገባ ከተቀመጥክበት ብድግ ብለህ «ኖር!» ትላለህ፤ የገባው ሰው «በእግዜር» ይልሃል፤ ያን ጊዜ ትቀመጣለህ። እሱ «በእግዜር» ካላለህ አትቀመጥም። አባቴ አቶ በላይነህ የቡልጋ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክተር ነበር። ግራጫ ኮፍያቸው ከበሩ ሳይገባ ድምጻቸው ይገባል፤ ድምጻቸው ሳይገባ እኛ ተነስተናል። ታናሽ ወንድሜ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ሳለ እንኳ አባባ ሲገቡ ተንገዳግዶ ሊነሳ ሲል እናቴ ነች ይዛ ያስተኛችው። ክፉ ሰው አልነበሩም። አክብሮት ለእሳቸው እንደ ግድግዳ ነው፤ አንድ ድንጋይ ከወጣ ቤቱ የሚወድቅ ይመስላቸዋል።

ታዲያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሻሹ ታስሮ፣ ነጠላው ተሰቅሎ፣ ምስሯ ውኃው ላይ ጠብ ከማለቷ የላቦራቶሪው በር ተከፈተ። ዲሬክተሩ ገቡ። ከኋላቸው ግራጫው ኮፍያ። እኔ የፊተኛው መደዳ ላይ ነበርኩ። ጉልበቴ እኔን ሳይጠይቅ ብድግ ማለት ጀመረ፤ አፌም «ኖ…» ብሎ ነበር። «ታኣ!» አለ ቲቸር ገመቹ። «ጽጌ! ታኣ!» አባቴ ፊት። አባቴን አየሁ፣ መምህሬን አየሁ፣ ቁጭ አልኩ። እንደዚያ ቀን ከብዶኝ የተቀመጥኩበት ወንበር የለም። ሶዲየሟ እየጮኸች ውኃው ላይ ተሯሯጠች፣ ቢጫ እሳት ብልጭ አለች፣ ጠፋች። ጠብታ መድኃኒት የተጨመረበት ውኃ ቀስ እያለ የጽጌረዳ መልክ ያዘ። ሌላ ቀን ቢሆን እናጨበጭብ ነበር። ምንም አልፈነዳም፣ ምንም አልዘለለም፣ መስታወቱን የነካ ነገር የለም። አንዲት ፍንጣሪ ብቻ ወደ ላይ ዘልላ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት ተመኘሁ! ጥንቃቄ ክፉ ዕጣ አለው፤ ሲሠራ የሚታይ ነገር የለውም። ቲቸር ገመቹ ላቡን ጠርጎ «አሁን ተነሱ» ብሎ ሲዞር አባቴ በሩ ላይ አልነበሩም።

ማታ አባባ ሲገቡ ሁላችንም ተነሳን። «ኖር!» አልኩ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ። ወንድሜን «በእግዜር» አሉት። እኔን አላዩኝም። ወንድሜ ተቀመጠ፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። እራት ቀረበ፣ ተበላ፣ እኔ እንደቆምኩ። በማግስቱም እንዲሁ። አልመቱኝም፣ አልሰደቡኝም፤ አንዲቷን ቃል ብቻ ነሱኝ። ያቺ ቃል ሳትኖር የራሴ ቤት ወንበር የሰው ቤት ወንበር ሆነብኝ።

በሁለተኛው ማታ እኔ ጓዳ ሆኜ ለእናቴ ሲናገሩ ሰማሁ።

«ልጄን በእኔ ፊት ቁጭ በይ ያለ ሰው ነገ ደግሞ ጥፊ ምቺው ይላታል። ላቦራቶሪውን አዘጋለሁ። ሰውየውንም ከዚህ አስነሳዋለሁ። ለኬሚስትሪ ጠመኔ ይበቃል።»

እናቴ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። «እኔ ያልተማርኩ ነኝ» ብላ ጀመረች፤ እንዲህ ስትጀምር አባቴ መጠንቀቅ እንዳለባቸው ያውቃሉ። «ግን እስቲ ልጠይቅዎ። ቅዳሴ ላይ ሲገቡ ማን እጅ ይነሳዎታል?»

«ቅዳሴ ላይማ ማን ለማን እጅ ይነሳል?»

«ተናቅሁ ብለው ያውቃሉ?»

«አንቺ ሴትዮ! ሳህን ውኃን ከቅዳሴ ጋር ታመሳስያለሽ?»

«እኔ ምን አመሳሰልኩ? ከሰው የሚበልጥ ነገር ፊት የቆመ ሰው ለሰው አይነሳም ነው ያልኩት። እሳትም ከሰው ይበልጣል። ሰውየውን ሳይጠይቁ አይፍረዱበት።»

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ አባቴ ኮፍያቸውን አድርገው መጡና በዓይናቸው ተከተይኝ አሉኝ። ቲቸር ገመቹ ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻውን ብርጭቆ ያጥባል። እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

«መምህር» አሉ አባባ፣ «ልጄን በእኔ ፊት ያስቀመጡ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ወላጅን ማክበር በሳይንስ ቀርቷል?»

ቲቸር ገመቹ እጁን በፎጣ አደረቀ። ከዚያ አይተነው የማናውቀውን ነገር አደረገ፤ ጥቁር መነጽሩን አወለቀ። ግራ ዓይኑ ነጭ ነበር፣ ሽፋሽፍቱ የተጨማደደ። አባቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለስ አደረጉ።

«በሬ ወግቶህ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር» አሉ፣ «እርስዎ» ማለቱን ረስተው።

«በሬ አይደለም፣ ጋሼ። ኖር ስል ነው የጠፋችው።»

ከዚያ ነገራቸው። ሻሸመኔ ተማሪ ሳለ ነው። መምህራቸው ይህንኑ ሶዲየም ሲያሳዩ ዲሬክተሩ ገቡ። ፊት የተቀመጠው እሱ ነበር፤ ቤቱ በደንብ ያሳደገው ልጅ ስለሆነ ከሁሉም ቀድሞ ብድግ አለ። «ሰነፎቹ ገና ሲጎተቱ ስለነበር ዓይናቸው ተረፈ» አለ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «ዲሬክተሩ ደግ ሰው ነበሩ። ‹በእግዜር፣ ልጄ› ሲሉኝ ነው ሳህኑ ጮኾ ፊቴ ላይ የፈነዳው። እስከ ዛሬ ሁለቱ ድምጾች አብረው ነው የሚሰሙኝ። ልጅዎ ብድግ ስትል የታየኝ እርስዎ አይደሉም፣ ጋሼ። የታየኝ እኔው ነኝ።»

አባቴ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሰው ፊት ኮፍያ ሲያወልቁ ከለቅሶ ቤት ሌላ አይቼ አላውቅም። «ይኼ ሁሉ ደርሶብህ አሁንም ለምን ታሳያቸዋለህ? በጠመኔ አይበቃም?» አሉት።

«እሳትን በጠመኔ ብቻ የተማረ ልጅ፣ ጋሼ፣ እሳቱን የሚያገኘው ብቻውን ሆኖ ነው። እኔ አብሬያቸው ልሁን ብዬ ነው።»

አባቴ «እንግዲህ በርታ፣ ልጄ» ብለው ወጡ። መንገድ ላይ ነፋሱ ኮፍያቸውን ሊወስድ ሲታገል በእጃቸው እንደያዙት፣ ሳያደርጉት፣ ቤት ደረስን። በሩን ቀድመው ገቡና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ ከወንድሜ ጎን እንደ ልማዴ ቆምኩ። «ኖር» አልኩ፣ በጣም ቀስ ብዬ። «በእግዜር፣ ጽጌ» አሉ። «ተቀመጪ። እግርሽ ደክሟል።» ያለቀስኩትን ልቅሶ እናቴ በሽንኩርት አመካኘችልኝ።

የሚቀጥለው ሙከራ ላይ አባባ ራሳቸው መጡ፤ ሊመረምሩ ሳይሆን ሊያዩ። ተማሪ አግዳሚ ላይ ከጎኔ ተቀመጡ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ሻሽ ያሰሩትን ጎረምሶች ሲያዩ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ነበር። ምስሯ ውኃው ላይ ስታርፍ ዲሬክተሩ እንደ መርገም ሆኖባቸው በሩን ከፍተው ገቡ። ኢንስፔክተሩ መጥተዋል ሲባል ሰምተው መሮጣቸው ነው። እንግዲህ የቡልጋ ሰው ጉልበት ሕግ አያውቅም፤ አባቴ ብድግ አሉ። ኮታቸውን ከኋላ ያዝኩና ጎተትኩ። «ታኣ፣ አባባ!» አልኳቸው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ቁጭ አሉ። ውኃው የጽጌረዳ መልክ እስኪይዝ ድረስ እጃቸው እጄ ላይ ነበር። በኋላ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር «ይህች ልጅ በኦሮምኛ አስቀምጣኛለች» እያሉ ያወሩት ነበር፣ ሹመት እንዳገኙ ሁሉ።

ቲቸር ገመቹ ከጥቂት ዓመት በኋላ በራሱ ጥያቄ ወደ አገሩ ተዛወረ፤ አባቱ አርጅተው ስለነበር። እኔም ኬሚስትሪን እዚያው ትቼ ጨርቅ ውስጥ ገባሁ። ጋሪውን ባጃጅ ተካው። የቡና ቤቱ ቦታ ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ ውስጥ ሞባይል ይጠገናል። አባባም ካለፉ ቆይተዋል። በመጨረሻ ዘመናቸው አልጋ ላይ ሆነው ስገባ ሊነሱልኝ ይሞክሩ ነበር፤ «ታኣ፣ አባባ» ስላቸው ይስቃሉ። ቴትረኑም ዛሬ ሌላ ስም ይዞ ከቻይና ተመልሷል፤ ያው እሳት ሲነካው የሚቀልጠው ነው፤ የልጄን ገዢዎች ሁሌ እነግራቸዋለሁ፣ ማን ይሰማኛል?

በሩ ላይ ቆሜ ይህ ሁሉ ሲያልፍብኝ ወጣቱ መምህር ሳህኑ ጨርሶ ጸጥ እስኪል ጠበቀ። ከዚያ ዞሮ አየኝና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ይቅርታ፣ እማማ። እንዳይቀየሙን። ሙከራ ላይ አንነሳም፣ ሕግ ነው።»

«ከማን ተማርከው?» አልኩት።

«አርሲ ነገሌ፣ ከአስተማሪዬ። ጥቁር መነጽር የማያወልቁ ሰው ነበሩ። አምና አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር።»

«ነፍሱን ይማር» አልኩ። «ለምን እንደማትነሱስ ነግሯችኋል?»

«እሱን አልነገሩንም። ታኣ ብቻ ነበር የሚሉን።»

ታዲያ ምክንያቱን የማውቅ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው። እሱ ግን ይህን ሳያውቅ ወደ ልጆቹ ዞረና «አሁን ተነሱ» አላቸው። ክፍሉ በሙሉ በአንድ እግር ብድግ አለ። «ኖር!» አሉ። ስንት ዘመን ያልሰማሁት ቃል፣ ያውም ከእነዚህ ስልክ ላይ ተጣብቀው ከሚውሉ ልጆች! ማዳመጡ ይዞኝ «በእግዜር» ማለቱን ረሳሁ። ልጆቹ እንደቆሙ ቀሩ። ሜላት ዝም ማለቴን ቁጣ አድርጋ ወሰደችው፤ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ አየችኝ፣ ሊያለቅስ እንዳለ ልጅ ከንፈሯን ነክሳ።

«እማማ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ? መነሳት ፈልጌ ነበር እኮ።»

እነዚያን ዓይኖች አየኋቸው። ሁለት ናቸው። ሁለቱም እንባ አቅርረዋል፣ ሁለቱም ያዩኛል።

«በእግዜር፣ የእኔ ልጅ» አልኳት። «ተቀመጪ። ተቀመጡ ሁላችሁም። እናንተ ቁጭ ያላችሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ።»

ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ጠጋ አሉልኝ፤ ስብሰባው ይቅር ብዬ ከሜላት ጎን ተቀመጥኩ።